ወንድ ያነደደው ምድጃ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ሆሳዕና አንድ የምረቃ ድግስ ላይ ተጠርቼ ነበር። ተመራቂው የአጎቴ የሳቢሮ የልጅ ልጅ ነው። በምን ተመረቀ ብትሉኝ በሕክምና አይደለም፣ በሕግም አይደለም፤ በምግብ አብሳይነት ነው። ግቢው በር ላይ ትልቅ ሸራ ተሰቅሏል። ሸራው ላይ ልጁ ረጅም ነጭ ቆብ ደፍቶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በሌላው ቢላ ይዞ ቆሟል። ከሥሩ «እንኳን ደስ አለህ ሼፍ» ተብሎ ተጽፏል። አባቱ ማይክሮፎኑን ጨብጦ «ልጄ ዘራችንን አኮራ» አለና ማልቀስ ጀመረ፤ እንግዳውም አጨበጨበለት። እኔ ግን ሳቅ አመለጠኝ። አፌን በናፕኪን ብሸፍነውም ትከሻዬ እምቢ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት «ጋሽ ጀማል ምን ሆኑ?» ብላ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። ጓደኛዋም «እርጅና ነው» አለቻት። እርጅናስ እርጅና ነው፤ ግን የሳቅሁት በእርጅና አይደለም። እንደዚያች ያለች ቢላ በዚያው ዘር መካከል መጀመሪያ ብቅ ያለች ዕለት ምን እንደተባለ የማውቅ፣ ከዚያ ሁሉ እንግዳ ውስጥ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ነገሩ የጃንሆይ ዘመን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ሻይ በአስር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ሸራ ጫማ ያደረገ ጎረምሳ መንገድ ላይ ዞር ተብሎ የሚታይበት ዘመን ነው ብላችሁ ያዙት። እኔ ኤደን ነበርኩ። ገና ጢሜ ሳያቀመቅም በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሬ ሄድኩና ለመርከብ ሰዎች ምግብ በሚያዘጋጅ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ሽንኩርት ልጣጭ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ድስት አጣቢ፣ ከዚያ ዳቦ ጋጋሪ፣ በመጨረሻ ምድጃው ራሱ የእኔ ሆነ። ኤደን ውስጥ ወጥ ቤት ማለት የወንድ ቦታ ነው። የመናዊው፣ ሕንዱ፣ ሱማሌው ሁሉ ፉጣውን አገልድሞ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ ድስት ሲያማስል ይውላል። የእኛ አለቃ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ሲቆጣ የወደብ ጫኝ የሚያስደነግጥ ሽማግሌ ነበር፤ ግን ቅመሙን ሲያሸት ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሕፃን ፈገግ ይላል። ያንን ሰው እያየሁ ነው ያደግሁት። ወንድ ልጅ ምግብ ማብሰሉ ነውር መሆኑ ከሐሳቤ ጨርሶ ወጥቶ ነበር።

የመለሰኝ የእናቴ መልእክት ነው። እናቴን ሁላችንም «አማ» እንላታለን፤ በሀዲያ እናት የምትጠራው እንደዚያ ነው። መልእክቱ በነጋዴ አፍ፣ ከነጋዴ ወደ ሾፌር፣ ከሾፌር ወደ መርከበኛ እየተላለፈ ኤደን ሲደርስ አጭር ሆኖ ነበር፤ «ሳልሞት ልይህ» ይላል። ያን ጊዜ ኤደንም ሰላሟ እየጎደለ፣ እንግሊዞቹ ዕቃቸውን ሊሸክፉ ነው እየተባለ ይወራ ነበር። ሳጥኔን ቆለፍኩና በጀልባ፣ በባቡር፣ በመጨረሻም በኤንትሬ ጭነት መኪና በርበሬ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ሆሳዕና ገባሁ። ዝናብ ነበር። ጎፈር ሜዳ ላይ ስወርድ ጭቃው ጫማዬን ነጥቆ አስቀረብኝ። የአገሬ የመጀመሪያ ሰላምታ ይህ ነበር።

የሳጥኔ ዝና ከእኔ ቀድሞ ደርሷል። ከውጭ አገር የመጣ ሰው ሳጥን ብቻውን አይከፈትም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ መርቆ ነው የሚከፈተው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ሳቢሮ አባቴ ከሞተ ጀምሮ የዘመዱ ሁሉ ራስ እሱ ነበር፤ ከፍ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ። (አጎቴን አንቱ ሳልለው ስለምጽፍ የሚቀየም ካለ ይቀየመኝ፤ በሕይወቱ ሳለ በቂ አንቱ ብዬዋለሁ።) ገሚሱ ወርቅ፣ ገሚሱ ሬዲዮ፣ አንዳንዱም መትረየስ ይጠብቃል። ለአማ ያመጣሁላትን ሻሽ አወጣሁ፤ እልል ተባለ። ለአጎቴ ያመጣሁትን የእጅ ባትሪ ሰጠሁት፤ በቀን ብርሃን አብርቶ ጣሪያውን ፈተሸበት። ከዚያ በኋላ ከሳጥኑ የወጣው መጥበሻ ነው። ጭልፋ ነው። ነጭ ሽርጥ ነው። ብርማ ስለት ያላቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ቢላዎች ናቸው። አጎቴ አንደኛውን አነሳና በጥፍሩ ሞከረው።

«ይኼ ለምንድነው?»

«ሽንኩርት መክተፊያ ነው፣ አጎቴ።»

አጎቴ ቢላውን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ፣ «የማን ሽንኩርት?» አለኝ።

የእኔ ሥራ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። ስጨርስ ከጓዳ በኩል አንዲት ሴት ሳቋን አፈነች፤ ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አጎቴ ቢላውን መልሶ በጨርቁ ጠቀለለና «ይኼንን ነገር ወደ ወንዝ ወርደህ ጣለው። መሬት እሰጥሃለሁ፣ በሬ እሰጥሃለሁ፣ ሚስት እፈልግልሃለሁ። ባሕር ማዶ ምን ትሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቅህ ካለ ወደብ ላይ ጉልበት ሥራ ነበርኩ በል» አለኝ። ልጁን ከእሳት ያወጣ ያህል ነበር የተሰማው። ቸርነቱን አልክደውም። ቢላውን ግን አልጣልኩትም።

አገር መልመድ ከባድ ነው ሲባል ሰዎች የሚመስላቸው የራስን አገር ትተው ሲሄዱ ነው። የእኔ መከራ የጀመረው ስመለስ ነው። ሀዲይኛዬ ዝጎ ቃሉን ፈልጌ ሳገኘው ጨዋታው አልፏል። ከእንቅልፌ የምነቃው በወጥ ቤት ሰዓት፣ ዶሮ ሳይጮህ ነው፤ ነቅቼ የምሠራው የለኝም። ብርዱ አጥንቴ ገባ። ሰው ሲያገኘኝ የጤናዬን፣ የከብቶቼን፣ የባሕሩን ደኅንነት ጭምር ጠይቆ ሳይጨርስ እኔ «ደህና» ብዬ አልፌ ስሄድ «ኩራተኛ» ተባልኩ። ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን መቀመጡ ነው። አማ እሳቱን እፍ እያለች ዓይኗ በጭስ ሲቀላ፣ እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ በእሳት ፊት የቆምኩ ሰው፣ ዱካ ላይ ተቀምጬ እጄን እስክታስታጥበኝ እጠብቃለሁ። የእንሰት መፋቂያ ቦታውማ ሌላ አገር ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው ሲፍቁ ወንድ በዚያ በኩል አያልፍም፤ ቢያልፍ ሳቅና ስድብ እየተከተለው ይሮጣል። አንድ ቀን አልቻልኩም። አማ ጎንበስ ቀና እያለች ስታስል «ተቀመጪ» አልኳትና ሽንኩርቱን ተቀብዬ መክተፍ ጀመርኩ። ቢላው እጄ ሲገባ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። አማ በድንጋጤ ተነሥታ በሩን ልትዘጋ ስትሮጥ ጎረቤታችን እሳት ልትጭር ደጃፉ ላይ ቆማለች። ወሬው ገበያ ለመድረስ መኪና አላስፈለገውም። በሳምንቱ ስሜ ጀማል መሆኑ ቀርቶ «ሴታ ሴቱ» ሆኜ አረፍኩት።

እልህ ያዘኝ። መቼም ስሜን ካጠፉት በደንብ ላጥፋው አልኩና ሆሳዕና ከገበያው መውረጃ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ማዕዘን፣ የጭቃ ቤት ተከራየሁ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ ባለመስታወት የሞባይል ሱቅ አለ፤ ባለፍኩ ቁጥር ግድግዳውን አያለሁ። የዳቦ ምድጃውን እንደ ኤደኑ አድርጌ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ እንስራ አፉ ከላይ ሆኖ፣ ሊጡ ከግድግዳው ጋር የሚለጠፍበት አድርጌ አሠራሁት። የሠራችልኝ ሸክላ ሠሪ ናት፤ በዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪን ሰው ደጅ አቁሞ ነበር የሚያነጋግራት። እኔ ግን ወደ ውስጥ አስገብቼ የቤቱን የመጀመሪያ ሻይ በብርጭቆ ሰጠኋት። ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ በሩ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ጠጣችው። ይህም በክስ መዝገቤ ላይ ተጨመረ።

የእኔ ምግብ ፉል ነው። ባቄላው የዶዮገና ደጋ ባቄላ፣ ሌሊቱን ሙሉ በረመጥ ላይ ያደረ፣ በጭልፋ ጀርባ የተደፈጠጠ፣ በላዩ ላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ ለፈለገ ቅቤ። ከጎኑ ከእንስራው ውስጥ ትኩሱን የወጣ ዳቦ። ዋጋው ስሙኒ። ቤቴ ሥጋ እንዳይገባ ያደረግሁት አስቤበት ነው። ያኔ ሆሳዕና የእስላም ሥጋ የሚበላበት ቤት ሌላ ነው፣ የክርስቲያን ሌላ ነው፤ አብረው ከሻሸመኔ የመጡ ሁለት ሾፌሮች ምሳ ሲደርስ ተለያይተው ነበር የሚገቡት። ባቄላ ግን ሃይማኖት የለውም። ባለጾሙ በዘይት ይበላል፣ ያልጾመው በቅቤ። መጀመሪያ የገቡት መንገደኛ ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱ የአገሩ ሰው ስላልሆኑ ማን አበሰለው አይሉም። ከእነሱ መካከል ተክሌ የሚባል ሸንቃጣ የኤንትሬ ሾፌር፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ዘፈን የማይለየው፣ አግዳሚውን የግሉ አደረገው። ከዚያ ከአንጋጫ የመጣ ማርቆስ የሚባል የጴንጤ ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ ካኪ ኮቱን ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ አንድ ጠዋት ርቦት ገባና ከዚያ ወዲያ አልቀረም። ከሾኔ በርበሬ የሚያመጡ፣ ከሺንሺቾ ዝንጅብል የሚያወርዱ ነጋዴዎች ተከተሉ። የአገሬ ልጆች ግን ፊት ለፊት ካለችው ዋርካ ሥር ቆመው በጠረኑ ምራቃቸውን ይውጡና ፊታቸውን አዙረው ይሄዱ ነበር።

አንድ ቀን አጎቴ መጣ። ከደጃፉ አላለፈም። በትሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ የሚበሉት ሁሉ እንዲሰሙት አድርጎ ተናገረ።

«ጀማል፣ የወንድሜ ልጅ ስለሆንክ ታግሼሃለሁ። ለመጪው ገበያ ይኼን እሳት አጥፋ። ካላጠፋህ ሽማግሌዎቹን ይዤ እዚያ ዋርካ ሥር እቀመጣለሁ፤ ከዘመድ ተቆርጠሃል ብዬ በገበያ ፊት እናገራለሁ።»

«በምን ጥፋቴ፣ አጎቴ? ሰረቅሁ? ሰው ገደልኩ?»

«ብትገድል ካሣ ነበረው፤ ታርቀን እንጨርሰው ነበር» አለኝ። ቀልዱን አልነበረም።

እኔን ብቻ ቢቆርጡኝ ኖሮ ትከሻዬን ነቅንቄ አልፍ ነበር። ግን በእኛ አገር የተቆረጠ ቤት ማለት ሰርጉ ላይ የሚጨፍር፣ ለቅሶው ላይ የሚቀመጥ የሌለው ቤት ማለት ነው። አማ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ማታ ስገባ ሰምታ ቆየችኝ። ከዚያ በፊት የሠራሁትን ምግብ አንድ ቀን እንኳ ቀምሳው አታውቅም። ዳቦ ይዤላት ስመጣ «አስቀምጠው» ትልና ጠዋት ለጎረቤት ልጆች ትሰጠዋለች። ያን ዕለት እጄን ይዛ «ልጄ፣ እኔ ሌላ ነገር አልፈራም። ስሞት ማን ያነሳኛል? አጎትህ ካለ ማንም አይመጣም። ብቻዬን ነው የምቀበረው» አለችኝ። ይህች ሴት አባቴ ሲሞት በወጉ መሠረት ሳቢሮ ሚስት አድርጎ ሊወርሳት ሲመጣ «ከብት አይደለሁም፤ አልወረስም» ብላ ከነሽማግሌዎቹ የመለሰች ናት። እሱም ያንን ቀን ረስቶላት አያውቅም። እንዲያ የነበረች ሴት ስትፈራ ማየት አልቻልኩም። ልቤ እንደ ተሰበረ አልደብቅም። ለራሴ አገር፣ ለራሴ ሰው እንግዳ ሆኜ መቅረቴ ከኤደን ሙቀት በላይ አቃጠለኝ። «እሺ፣ አጠፋዋለሁ። ገበያ ዕለት የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚያ በተክሌ መኪና እመለሳለሁ» አልኳት። እጄን ለቀቀችና እሳቱን አዳፈነች።

የገበያው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ተደርድረዋል፤ አጎቴ መካከል ነው። ገበያተኛው ነገር እንዳለ ሸቶት በርበሬውን ትቶ ወደ እኛ በኩል ቆሟል። ቤቴ ሞልቷል፤ የመጨረሻዬ መሆኑን የሰማ ሾፌር ሁሉ መጥቷል። ማርቆስ እየጸለየ ይሁን እየበላ እንጃ አቀርቅሯል፤ ተክሌ እንኳ ዘፈኑን ትቷል። ከእንስራው ዳቦ ሳወጣ የደጁ ጫጫታ ድንገት ቀጥ አለ። ቀና ስል አማ ገበያውን ሰንጥቃ ስትመጣ አየሁ። ያመጣሁላትን ሻሽ አስራለች። ዋርካው ሥር ስትደርስ አልቆመችም፤ ሽማግሌዎቹን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም ብላ አለፈች። ጎንበስ ብላ በበሩ ገባች። በዚያ ዘመን ጨዋ ሴት ወንድ በሚበላበት ቤት መቀመጥ ይቅርና ደጃፉ ላይም አትቆምም። አማ ተክሌንና ማርቆስን አየቻቸውና በእጇ «ፈቀቅ በሉ» አለች። ፈቀቅ አሉላት። መካከላቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ለእኔም አምጣ» አለችኝ።

«አማ፣ ሰው እያየ ነው።»

«እንዲያይ ነው የመጣሁት። አምጣ!»

አመጣሁላት። ዳቦውን ቆረሰች፣ ነከረች፣ ጎረሰች። በሩ ክፍት ነው፤ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ያያታል። ሳትቸኩል፣ ጉርሻዋን ደህና አድርጋ እያኘከች፣ የሳህኑን ጥግ ጥግ በዳቦው እየጠረገች በላች። እጇን ታጠበች። ከዚያ ተነሥታ ደጃፉ ላይ ቆመችና ገበያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ በሀዲይኛ ተናገረች።

«ሳቢሮ! የልጄን ምግብ በላሁ። ጠገብኩ። ማን እንደሚቀብረኝ እንዳታስብልኝ፤ በቁሜ ያበላኝ ይቀብረኛል። እኛን ለመቁረጥ ከሆነ የመጣችሁት ቁረጡና ወደ ቤታችሁ ግቡ፤ ዝናብ እየመጣ ነው።»

አለቀስኩ። በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት፣ ሽርጤን እንደታጠቅሁ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ተክሌ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየደበደበ «ሌላ ሳህን አምጣ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

አጎቴም ቃሉን አላጠፈም፤ ቆረጠን። ከዚያ ወዲያ ዘመድ መንገድ ላይ ሲያገኘን ማዶ ይሻገራል። ኢድ ሲደርስ ደጃችን የሚረግጥ የለም። አማ በየሳምንቱ ገበያ ዕለት እየመጣች አግዳሚው ላይ ትቀመጥ ጀመር፤ ቆይታ ቆይታ ሌሎች ሴቶችም፣ መጀመሪያ እሷን ፍለጋ የመጡ መስለው፣ ቀጥሎም ምንም ሳይመስሉ ይገቡ ነበር። ከዘመዴ ሴት ልጁን የሚሰጠኝ አልተገኘም፤ ሚስቴን ያገኘኋት ሺንሺቾ ነው። አባቷ ሽማግሌ ስልክበት አመንትቶ ነበር አሉ፤ መጨረሻ ላይ «ቢያንስ አትራብም» ብሎ ሰጠኝ። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ ወጥ ቤቴን ለእኔ ትታ በሒሳቡ በኩል ነው የምታዝዘኝ። ዛሬ ልጆቻችሁ ሆቴል ገብተው ወንድ ያበሰለውን በመቶ ብር ሲበሉ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ትንሽም ያንገበግበኛል። ያኔ ስሙኒ አውጥቶ ለመግባት ስንት ወንድ ስንት ጊዜ ዋርካውን እንደዞረ እኔ ነኝ የማውቀው።

አማ የሞተችው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ በአንድ የክረምት ጠዋት ነው። አጎቴ ወዲያው ለዘመዱ ሁሉ ቃል ላከ፤ «ማንም እንዳይሄድ፣ ሴቶችም ምግብ ይዘው ደጁን እንዳይረግጡ» አለ። ሼኹ ግን መጡ። «የአላህን ጉዳይ ሳቢሮ አያዝበትም» ብለው የሚታጠበውን አሳጠቡ፣ የሚገነዘውን አስገነዙ። መቃብሩን የቆፈሩት ሾፌሮች ናቸው፤ ተክሌ ማተቡን ወደ ጀርባው ገልብጦ ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አፈር ያወጣ ነበር። ማርቆስ ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። የሾኔ በርበሬ ነጋዴዎች በሙሉ ጭነታቸውን መንገድ ላይ አቁመው፣ ከዶዮገና ባቄላ የሚሸጡልኝ ገበሬዎች ዝናቡን ተከናንበው በእግራቸው መጡ። ያቺ ሸክላ ሠሪ ከነልጆቿ መጣች። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲተላለፍ መሬት ሳይነካ መቃብሩ ደረሰ። ብቻዬን እቀበራለሁ ብላ ፈርታ የነበረችውን አማን፣ ሆሳዕና ውስጥ ያኔ ካየሁት ለቅሶ ሁሉ የበለጠ ሰው ቀበራት።

ከመቃብር ስንመለስ ግን ቤቴ ባዶ ነው። በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት እሳት አይነድድም። ሐዘንተኛው ይቀመጣል፤ ዘመድ አብስሎ ይዞ ይመጣል፤ እሱም ለቀስተኛውም ከዚያ ይበላል። ዘመድ ደግሞ የለም። ከሩቅ የመጣ ሰው ሁሉ ልብሱ ከአካሉ ላይ ተጣብቆ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ፣ ጭስ በሌለው ቤት ተቀምጧል። ማንም ራበኝ አላለም፤ ጨዋዎች ናቸው። ተነሥቼ ሽርጤን ታጠቅሁ። ጎረቤታችን፣ ያቺው ድሮ ሽንኩርት ስከትፍ ያየችኝ ሴት፣ ከሁሉም ተደብቃ ብቻዋን መጥታ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ።

«አንተ ልጅ! የእናትህ አፈር ሳይደርቅ እሳት ልታነድ ነው? ሐዘንተኛ ምድጃ ይነካል?»

«ይነካል» አልኳት። «እናቴን የቀበሩ ሰዎች ተርበው ከቤቴ አይወጡም። ከፈለግሽ ሂጂና ለሳቢሮ ንገሪው።»

አልሄደችም። እጅጌዋን ሰብስባ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ያን ቀን እያለቀስኩ አበሰልኩ። እያበሰልኩ አለቀስኩ። የምድጃው እሳት ፊቴን ሲገርፈኝ ሐዘኔ ትንሽ ላላ አለልኝ። ያለኝን ሳህን ሁሉ አወጣሁ፤ ያልበቃው በእንሰት ቅጠል በላ። ማርቆስ እያዞረ ያድላል፣ ተክሌ ውሃ ያቀርባል፤ እስላሙ፣ ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ በአንድ ዳስ ሥር ተጎራብቶ ይበላል።

ቀኑ ወደ ማታ ሲያዘነብል አጎቴ ሳቢሮ መጣ። ማን እንደነገረው፣ ሐዘኑ ጎትቶት ይሁን ወሬው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አርጅቷል። በትሩን ተደግፎ ዳሱ ጫፍ ላይ፣ ዝናቡ በሚያካፋበት በኩል ለብቻው ተቀመጠ። ለቀስተኛው ሁሉ መብላቱን ትቶ እኔን አየኝ። ሄጄ ላባርረው እችል ነበር፤ ከልቤም ፈልጌ ነበር። ሳህን ሞልቼ፣ ዳቦ ጨምሬ ፊቱ አስቀመጥኩለት። በትሩን ጎኑ አጋደመ። እጁን ዘረጋ። ጎረሰ። ደገመ። ጨርሶት እስከ ዳቦው ፍርፋሪ ድረስ ከለቀመ በኋላ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«ጨው አንሶታል።»

«አላነሰውም፣ አጎቴ» አልኩት። «ልድገምዎት?»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።